አሥራ ሦስተኛው ካርታ

አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

አሥራ ሦስት።

ለማ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠረ። ቁጥሩ አልተለወጠም።

የተቀመጠው ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ፣ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ከሚጀምርበት አፍ ላይ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። እንዲያጥርለት የሰጠው ሱሪ በሚንጫጫው የስፌት መኪና ስር ያልፋል። ከፊቱ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ነጭ አይሱዙ ቆሟል። ሹፌሩ ሄኖክ የተጠቀለሉ ፍሬሞችን ከተሸካሚዎቹ እየተቀበለ ከጋቢናው ኋላ ይደረድራል።

አሥራ ሁለቱ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለሉ ናቸው። ለማ ራሱ ጠዋት ጠቅልሎ አስረክቧቸዋል። አንዱ ግን ሰማያዊ ነው። ተማሪ ደብተሩን የሚሸፍንበት ዓይነት ሰማያዊ ወረቀት።

ያንንም የሠራው እሱ ነው። ያለፈው ሐሙስ፣ በገዛ መዶሻው።

ሰፊው ሱሪውን አጥፎ ሰጠው። ለማ ተቀብሎ አመሰገነና በዝግታ ተነሣ። በግንብ በታጠረው በሐረር ጀጎል መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ሁሉም ዞሮ ያየዋል። እሱ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ የሠራው ማንም ዞሮ እንዳያየው ነው።

ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። በሰሜን ጦርነት ነበር። ከምሥራቅ ብዙ ጦር ወደዚያ ተነሥቶ፣ የቀረው ቆላውን በየውኃ ጉድጓዱ ተበትኖ ይጠብቃል።

ለማ የሚለውን ስም ያወጣለት የላከው የደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። ሰዎቹ «ቤቱ» ብቻ ይሉታል። በመልእክት ላይ የሚጠራበት ስም ሸማኔ ነው። ሐረር ሲገባ ከፈላና በር ወደ ውስጥ አለፍ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየ። ፍሬም ይሠራል፣ ካርታ ይሸጣል። ሽፋኑን የመረጡለት አለቆች ካርታ የሚገዛ ሰው መንገዱን ሳይጠየቅ ይናገራል ብለውት ነበር። ልክ ነበሩ። ግን የመጀመሪያውን ዓመት የገዛው ሰው አልነበረም።

ገበያውን ያመጣችው የሺ ናት። የሺ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካርታ ክፍል የምትሠራ፣ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት የሚሆን፣ አያት ቅድመ አያቶቿ በወታደርነት መጥተው ሐረር የቀሩ የከተማው ልጅ ናት። አንድ ቀን የአባቷን ፎቶግራፍ ፍሬም ልታሠራ መጣችና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የማተሚያ ቤት ካርታዎች አይታ ሳቀች። በሳምንቱ በእጇ የሳለችውን የጀጎል ካርታ ይዛ ተመለሰች። ግንቡ፣ አምስቱ በሮች፣ እያንዳንዷ ጠባብ መንገድ በቀለም ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ከሐረር የሚሸኝ መምህር ሁሉ የየሺን ጀጎል ተሸክሞ ይሄድ ጀመር። ሐጂ ዩስፍ የሚባሉ ሽማግሌ ለልጃቸው ሠርግ አዝዘው፣ ወላሂ የእኔ ቤት የሌለበት ጀጎል ጀጎል አይደለም ብለው መለሱት። የሺ በእግሯ ሄዳ ቤታቸውን አይታ፣ ከነቀዩ በራቸው ጨመረችላቸው።

ለጌጥ ብቻም አልነበረም። ጫት ወደ ጂጂጋ የምትልከው ብርቱካን አንድ ቀን መጥታ የመንገድ ካርታ ጠየቀች። ለማ ያለውን ዘረጋላት። ርቀቱ በኪሎሜትር መጻፉን ስታይ ገፋችው።

«ኪሎሜትር ምን ያደርግልኛል? ጫት የሚጠወልገው በሰዓት ነው።»

የሺ ለእሷ ደግሞ የሰዓት ካርታ ሠራችላት። ከአወዳይ እስከ ድንበር፣ በየመንደሩ ለጫት መኪና ስንት ደቂቃ፣ ለጭነት መኪና ስንት፣ ኬላው ስንት እንደሚያቆም። ካርታው የብርቱካን ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከእሷ ያየ ነጋዴ ሁሉ ተመሳሳይ አዘዘ።

ሥራው ያማረው ያኔ ነው። ለማ አንዳንድ ቀን የመጣበትን ነገር ይረሳል። መስታወት እየቆረጠ፣ የሺ አጠገቡ ቀለም እየቀባች፣ ብዙም ሳይነጋገሩ ይውላሉ። ማታ ማደሪያው ሲገባ ነው ትዝ የሚለው። ትዝ ሲለው ይደክመዋል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቤቱ መልእክት ላከ። ከጦሩ አንድ ካርታ በስርቆት ተቀድቶ ወጥቷል። አርባ መኪና ጦር ወደ ቆላው የሚወርድበት መንገድና ውኃ የሚቀዳባቸው ጉድጓዶች ያሉበት ነው። ካርታውን የሚገዙት ከድንበሩ ማዶ ናቸው። ካርታው ከደረሳቸው ወታደሩ ውኃ ሊቀዳ ሲቆም ጠብቀው ይጨርሱታል።

መልእክቱን ያደረሱለት መምህር ኃይለመስቀል ናቸው። በከተማው የጂኦግራፊ መምህር ሆነው ሃያ ዓመት አስተምረዋል። በቤቱ መዝገብ ዋርካ ይባላሉ። ለማ ሐረር ላይ የሚያውቀው የቤቱ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ከተማዋን ያስተማሩት፣ ሲታመም የጠየቁት፣ ባለፈው ፋሲካ ከገበታቸው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። የምትጠረጠረው የሺ ናት አሉት። ካርታ ክፍል ትሠራለች፣ ሱቅህ ትገባለች፣ ትወጣለች። የሄኖክ አሠሪ፣ የትራንስፖርት ድርጅት ያለው አቶ አማኑኤል ደግሞ አምስተኛ ዓመቱን ሊያከብር ለጂጂጋና ለድንበሯ ከተማ ለቶጎ ውጫሌ ደንበኞቹ አሥራ ሁለት የጀጎል ካርታ በስጦታ አዝዟል። የጦሩ ካርታ ከእነዚህ በአንዱ ጀርባ ተደብቆ ይወጣል። ተከታተላት፣ ጻፍ።

ለማ ጻፈ። መቼ እንደመጣች፣ መቼ እንደሄደች፣ ምን ይዛ እንደገባች፣ ማንን ሰላም እንዳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማታው ጻፈ። የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። ክፋት ግን አላገኘባትም፤ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለቱንም ጀርባ ከፍቶ አይቶ ከካርቶን ሌላ ምንም አላገኘም።

አሥራ ሦስተኛውን ግን መምህሩ ናቸው ያመጡት። አንድ የቆየ የየሺ ሥራ ነበራቸው። ለሚሸኝ ወዳጄ ነው፣ መስታወትና እንጨት አድርግልኝ አሉት። የጀርባው ካርቶን ተለጥፎ ነበር የመጣው። እሱን አትንካው፣ እኔ ደኅና አድርጌ ለጥፌዋለሁ አሉት። አልነካውም። ምስማሩን መትቶ፣ የሱቁን ማኅተም ከጀርባው አሳርፎ፣ በሰማያዊ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው።

አሁን ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ፍሬሙ ኬላ ላይ ቢያዝ፣ የሳለችው የሺ፣ የሠራው ለማ። መምህሩ የሉበትም።

ማረጋገጥ ነበረበት።

አራት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ገባ። ቀጠሮ ነበራቸው። መምህር ኃይለመስቀል ጥግ ላይ ተቀምጠው የተማሪ ፈተና ያርማሉ። በቀይ ብዕር፣ ውጤቱን በግዕዝ ቁጥር ነው የሚጽፉት። ልማዳቸው ነው፤ ተማሪው ሁሉ ያውቀዋል።

«ተጫነ?»

«ተጫነ።»

«ስንት?»

ለማ ሻዩን አማሰለ።

«አሥራ ሁለት።»

የመምህሩ ትከሻ ዝቅ አለ። ትንሽ ነገር ናት፤ ጠባብ ጫማ ያወለቀ ሰው የሚሰማውን ያህል። ለማ ግን አራት ዓመት የተቀመጠው እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ለማየት ነው። ሰማያዊውን እንዳላየ ነው የመሰላቸው።

ሁሉንም ከፍቶ እንዳየ፣ ምንም እንዳላገኘ ነገራቸው። መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲያ ገና እጇ ላይ ነው አሉ። ከፈተና ወረቀቶቹ መካከል አንድ ስስ የመገልበጫ ወረቀት ጥቅል አወጡና በጠረጴዛው ላይ ገፉለት።

«ይህን ሱቅህ ያለው ስዕል መያዣዋ ውስጥ ክተተው። ስምንት ሰዓት ላይ ሰዎች ሊይዟት ሱቅህ ይመጣሉ።»

«ያላደረገችውን?»

«አድርጋዋለች። የጎደለው ማስረጃ ብቻ ነው።»

ለማ ጥቅሉን አንሥቶ ኪሱ ከተተ። መምህሩ ብዕራቸውን አስቀመጡና ዓይናቸውን አሹ። ያረጁ መሰሉት።

«ሁለት መንግሥት አገለገልኩ» አሉ። «ጡረታ ስወጣ የምሸኘው እንደ አንድ መምህር ነው። ማንም ምን እንደሠራሁ አያውቅም። አንተም እንዲሁ ነህ፤ ቶሎ ቢገባህ ይሻልሃል።»

ይቅርታ እንደመጠየቅ ነበር። ለማ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

የሚደውልለት ሰው አልነበረውም። ከመምህሩ ሌላ ያለው አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ስልክ ቁጥር ነው። ለአንዴ ብቻ የሚደወል ነው። ከተደወለ ለማ የሚባል ሰው አበቃለት። ኪሱ ውስጥ ያለው ጥቅል የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ያለ ሌላ ማስረጃ ቢደውል ደግሞ የሃያ ዓመቱን ዋርካ ትተው እሱን አያምኑትም። ፍሬሙ በእጁ መግባት አለበት።

ወደ የሺ ሄዶ ማስጠንቀቅ ፈለገ። ቢሮዋ አምስት ደቂቃ አይርቅም። እግሩ ሁለት እርምጃ ወደዚያ ሄደና ቆመ። ካስጠነቀቃት ትሸሻለች። ከሸሸች ወንጀሏን ራሷ ጻፈችው ማለት ነው። ካርታውን ካገኘ በስልክ አንድ ቃል ያድናታል ብሎ ራሱን አሳመነ።

ወደ ብርቱካን ሄደ።

አይሱዙው በስድስት ሰዓት እንደሚወጣ ሄኖክ ነግሮታል። ለማ ከብርቱካን ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለውን ካርታ በጣቱ ተከተለ። ሐረር እስከ ባቢሌ፦ ለጭነት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለጫት ሃምሳ ደቂቃ። ባቢሌ ላይ ጭነቱ ለኬላና ለምሳ አንድ ሰዓት ይቆማል። የብርቱካን መኪና ከአወዳይ መጥታ በስድስት ተኩል በዚህ ታልፋለች። በሰባት ሰዓት ከሃያ ባቢሌ ናት።

አይሱዙውን በአሥር ደቂቃ ትቀድማለች።

ባቢሌ ድረስ እንድታሳፍረው ለመናት። ብርቱካን ፊቱን አየችው። ሰው ሞቶበት እንደሆነ ጠየቀችው። ገና ነው አላት። ሌላ ሳትጠይቅ ለሹፌሯ ነገረችለት።

ባቢሌ በሙቀት ተኝታ ነበር። መንገድ ዳር ሴቶች ለውዝ ዘርግተዋል። አይሱዙው መጥቶ ከምግብ ቤቱ ፊት ሲቆም ለማ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሄኖክ ሲያየው ገረመው። ለማ ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ አሳየው። ከፍሬሞቹ የአንዱ መስታወት ሲጠቀለል ተሰንጥቋል፣ በጫት መኪና ተከትሎት መጣ፣ ለስጦታ የሚሄድ ነገር እንዲህ አይሰጥም አለው።

«የትኛው ነው?»

«ሰማያዊው።»

«እሱማ የእኛ አይደለም። የመምህር ኃይለመስቀል ነው፤ ቶጎ ውጫሌ ላለ ወዳጃቸው አድርስ ብለውኝ ነው።»

የሄኖክ ፊት ንጹሕ ነበር። አቶ አማኑኤልም ምንም የሚያውቀው ነገር የለም ማለት ነው። ለማ ፍሬሙን ተቀብሎ በረንዳው ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋው። ሄኖክ እጁን ሊታጠብ ገባ።

አራት ምስማር። ካርቶኑን በካቻቢቴው ጫፍ ፈለቀቀው። ሁለት ካርቶን ተጣብቆ ነበር። መካከላቸው ስስ ወረቀት ተኝቷል።

ጉድጓዶቹ በቀይ ተከበዋል። በእያንዳንዱ አጠገብ ቀን አለ። ቁጥሩ በግዕዝ ነው።

«ምንድነው እሱ?»

የኬላው ወታደር ነበር። ክላሹን በትከሻው አንግቶ ከደረጃው ስር ቆሟል።

ለማ መዳፉን ወረቀቱ ላይ ዘረጋ።

ወታደሩ ደረጃውን ወጣ።

ለማ በሌላ እጁ ፍሬሙን ገለበጠና አሳየው። «ካርታ ነው። የስጦታ። ጀርባውን እያደስኩት ነው።»

ወታደሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ልጅ እግር ነው፤ ፊቱ በፀሐይ ተልጧል። በጣቱ ግንቡን ዙሪያውን ተከተለ። የደብረ ታቦር አለህ ወይ ሲል ጠየቀው። እናቱ ቤት ሊሰቅል ፈልጎ ነው። ለማ የለኝም፣ ግን ይሳላል አለው።

«ማን ይስለዋል?»

«አንዲት ሴት አለች» አለ ለማ።

ወታደሩ ራሱን ነቅንቆ ወረደ። ለማ ወረቀቱን አጥፎ ከሸሚዙ ስር ሸጎጠ። ምስማሮቹን መልሶ ለመምታት ሦስት ጊዜ ሳተ። ሄኖክ ሲወጣ ፍሬሙ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መንገዱን ይቀጥል፤ ማዶ ያለው ሰው የሚያምር ጀጎል ይቀበላል፤ ከጀርባው ካርቶን ብቻ።

ባቢሌ ከአንድ ሱቅ ስልክ ነበር። ባለሱቁ ለውዝ ሊመዝን ሲወጣለት ቁጥሩን አዞረ።

«ሸማኔ ነኝ። ዋርካው ውስጡን ተበልቷል።»



«ማስረጃ?»

«በእጄ ነው። የገዛ ጽሕፈቱ።»

«ሴትዮዋ?»

«ንጹሕ ናት። ስምንት ሰዓት ላይ ሊይዟት ነው። አስቁሙልኝ።»

«ስንት ሰዓት ነው አሁን?»

ለማ ሰዓቱን አየ። ስምንት ከአሥር ሆኗል።

«አስቁሙልኝ» አለ እንደገና።

«ይታያል። ድሬዳዋ ሂድ። ሱቁን አትርገጥ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ሐረር በሚመለስ መኪና ላይ ተጭኖ ሲሄድ አርባዎቹን መኪኖች መንገድ ላይ አገኛቸው። በአቧራ ተሸፍነው፣ ወታደር ሞልተው፣ አንድ በአንድ አለፉት። ከመጨረሻው ላይ አንዱ እጁን አውለበለበለት። ለማ እጁን አነሣ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስታው ከድካሙ ስር የት እንደገባ አላገኘውም።

ድሬዳዋ በአንድ የተዘጋ ግቢ ውስጥ አርባ ቀን ያህል አስቀምጠው አስጻፉት። መምህር ኃይለመስቀል በሦስተኛው ቀን ተያዙ። ለተማሪዎቻቸው ተዛወሩ ተባለ። ጦሩ ቆላው ወርዶ፣ ውኃውን ቀድቶ፣ አንድ ሰው ሳይጎድልበት ደረሰ። ቤቱ ለለማ ጥሩ ሠርተሃል አለው። የየሺን ነገር በጠየቀ ቁጥር ይታያል ይሉታል። አንዱ ሹም ተሰላችቶ እውነቱን ነገረው። የተያዘችው በስምንት ሰዓት ነው። ጥቅሉ ባይገኝባትም የለማ ሪፖርት በቂ ነበር፤ በቀን በሰዓት የተጻፈ፣ የሚያምር ሥራ። እሷን ቶሎ ከፈቱ ደግሞ የመምህሩ ነገር ከተማው ውስጥ ይወራል።

በግንቦት መጨረሻ ትፈታለች ሲባል ለማ ማንንም ሳያስፈቅድ ሐረር ሄደ። ጢሙን ተላጭቶ፣ ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ፣ መነጽር አድርጎ ነበር። ከእስር ቤቱ ማዶ ከቆመች ፔጆ ታክሲ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። መውጣቷን ብቻ አይቶ ሊሄድ ነው።

ወጣች። ቀጥናለች። እናቷ እትዬ ገላነሽ በክንዷ ይዘዋታል። ለማ ተነፈሰ። ሹፌሩ ግን ሰው ሲያይ ጊዜ አልፈጀበትም፤ መኪናውን አስነሥቶ ከፊታቸው አቆመ። እናትና ልጅ ከኋላው ገቡ።

ለማ እጆቹን ኪሱ ከተተ። የግራ አውራ ጣቱን ጥፍር መዶሻ አጥቁሮታል፤ የሺ ታውቀዋለች።

እትዬ ገላነሽ ያለቅሳሉ፤ ይቆጣሉም። ሥራሽን ነጠቁሽ፣ ጤናሽን ነጠቁሽ ይላሉ። ከዚያ ያ ፍሬም ሠሪ ነው አሉ። አንቺ በተያዝሽበት ቀን የጠፋው ለምንድን ነው? እሱ ነው የሸጠሽ።

«የለም እማዬ» አለች የሺ። ድምፅዋ ሻክሯል። «እሱንም ወስደውታል። ጠያቂ ዘመድ ስለሌለው ነው ያልሰማነው።»

እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እሑድ ምግብ እናድርስለት» አለች። «ሽሮም ቢሆን ይበላል። ሆዱ አይመርጥም።»

ለማ መስታወቱን አሻግሮ መንገዱን አየ። መንገዱ ደብዝዞበታል። መነጽሩን አላወለቀም። አውቶቡስ ተራው ጋ ሲደርሱ ለሹፌሩ እዚህ ነኝ አለው፤ ድምፁን አወፍሮ። ወርዶ በሩን ዘጋና ወደ ኋላ ሳያይ ተራመደ። ታክሲዋ ቆይታ ሄደች።

ትኬት ቆራጩ ስም ጠየቀው። ለማ አፉን ከፈተና ዘጋ። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ባለው አዲስ መታወቂያ ላይ የተጻፈውን ስም ተናገረ። ቆራጩ ሳያየው ጻፈ።

ከወራት በኋላ፣ ከሐረር ብዙ ርቆ በሚገኝ ከተማ እህል መዛኝ ሆኖ ሲሠራ፣ የቤቱ ሰው በሌላ ጉዳይ መጥቶ ወሬውን እንደ ዘበት አነሣለት። ሁለቱ ሴቶች ሦስት እሑድ ምግብ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። በሦስተኛው ዘበኛው አዝኖላቸው መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠና፣ ለማ የሚባል ሰው የለም አላቸው።

አልዋሻቸውም።